ኪሱ ሳይፈተሽ

«ሰው የሚታለለው ስለሚስገበገብ ነው» የሚል ሰው እኔ ፊት ባይመጣ ይሻለዋል። መቼም ቶሎ ቱግ የምል ሰው ነኝ፤ አባቴ ነፍሱን ይማረውና «ክብሪቷ» ነበር የሚለኝ። በዚህ ጉዳይ ግን ቱግ ማለቴ ልክ ነው። እናቴን ያታለላት ሰው የያዛት በስስት አይደለም። ስስት ቢፈልግባት ኖሮ እስካሁንም ሲፈልግ ይኖር ነበር። የያዛት በታማኝነቷ ነው።

ሥራዬ መጋረጃ መስፋት ነው። ሱቅ የለኝም፤ የቤታችን የፊተኛው ክፍል ነው ሱቁም፣ መጋዘኑም፣ ቢሮውም። በአንድ በኩል የስፌት መኪናዬ፣ በሌላ በኩል እማዬ የምትተኩስበት ረጅም ጠረጴዛ፣ መሀል ላይ ደግሞ ሰው በጎኑ ካልሆነ የማያልፍበት የጨርቅ ጥቅል። ደንበኛ የሚያገኘን በስልክ ነው። የመስኮቱን ፎቶ ይልካል፣ ሄጄ እለካለሁ፣ ቀብድ ይከፍላል፣ እሰፋለሁ፣ ወስጄ እሰቅላለሁ። ስልኩን ግን የምትይዘው እማዬ ነበረች። እኔ ደንበኛ «ትንሽ አይጠብም?» ብሎ ሲጠይቀኝ «በዓይኔ የለካሁት መሰለህ?» ብዬ የምመልስ ሰው ነኝ። እማዬ ደግሞ «ቤቱ ያንተ፣ ዓይኑም ያንተ፤ ደስ ያለህ ይሁን» ትለዋለች፤ ሰውየው ሽንሽኑን አስጨምሮ፣ ገበሩን አስጨምሮ፣ አመስግኖ ይዘጋል። እውነቱን ለመናገር ሰው መጀመሪያ የሚመጣው ለእኔ ስፌት ነው፤ ተመልሶ የሚመጣው ግን ለእሷ አፍ ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ልብሱን ለጥገና የሚሰጥ ሰው ኪሱ ውስጥ የማይረሳው ነገር የለም፤ ቁልፍ፣ ደረሰኝ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ገንዘብ። አባቴ ያገኘውን ሁሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለባለቤቱ ያደርሳል። ሰውየው ሩቅ ከሆነም እኛን ልጆቹን ይልከናል፤ ዝናብ ቢሆን፣ ጭቃ ቢሆን ጉዳዩ አይደለም። «የሰው ገንዘብ እዚህ ቤት አያድርም» ነበር የሚለው። እማዬ ከእሱ የወረሰችው ይህን ቃል ነው። ሌላማ ምን የሚወረስ ነገር ነበረና።

ያ ሰውዬ የአዲስ እንግዳ ማረፊያ ሥራ አስኪያጅ ነኝ ብሎ ደወለ። ብዙ ክፍል፣ ብዙ መስኮት፣ ሁሉም ገበር ያለው መጋረጃ። እማዬን ገና በመጀመሪያው ቀን «እናቴ» ብሎ ጠራት። ጉልበቴን ያመኛል ስትለው የእሱም እናት እንደዚሁ ጉልበቷን እንደሚያማት ነገራት፣ መድኃኒትም መከራት። ከአፉ ማር ጠብ ይላል ብላ ስታወራልኝ እኔም ደስ አለኝ፤ እንዲያ ያለ ሥራ ካገኘን ዓመቱን ሙሉ ተንቀባረን እንከርማለን። የመስኮቶቹን ልክ ልኮልናል፣ የመረጠውን ቀለም ልኮልናል። ሕንጻው ገና ቀለም እየተቀባ ነው ስላለን እኔ ሄጄ የምለካው ቀለሙ ሲደርቅ እንዲሆን ተስማማን። የቀረው ቀብዱ ብቻ ነበር።

ቀብዱ «ገባ» የተባለ ዕለት እኔ ሌላ ደንበኛ ቤት መሰላል ላይ ወጥቼ ዘንግ እሰቅላለሁ። የሥራው ስልክ እማዬ ጋ ነው። በመጀመሪያ መልእክት መጣ፤ ልክ ባንካችን እንደሚጽፈው፣ ይህን ያህል ገንዘብ ሒሳብዎ ውስጥ ገብቷል የሚል። ከተስማማነው ቀብድ እጅግ የበለጠ ነበር። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ደጋግማ አነበበችው። መነጽሯን ሳታወልቅ ሰውየው ደወለ። ሒሳብ ሹሙ ተሳስቶ የቀለም ቀቢዎቹን ደሞዝ ከእኛ ቀብድ ጋር ደርቦ ልኮታል። ቀቢዎቹ በር ላይ ቆመዋል። ዛሬ ካልተከፈላቸው ልጆቻቸው ጦማቸውን ያድራሉ፣ እሱም ከሥራው ይባረራል። «እናቴ፣ የተረፈውን ብቻ በቀቢዎቹ አለቃ ቁጥር ላኪልኝ» አላት።

ሌላ ሰው ቢሆን ልጄ ትምጣና ይል ይሆናል። እማዬ ግን ያየችው ፀሐይዋን ነው። የሰው ገንዘብ፣ ያውም ሲለፋ የዋለ ሰው ገንዘብ፣ እሷ እጅ ላይ ሊያድር ነው። በስልክ ገንዘብ መላክ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ የለመደች ቀን ደግሞ ለጎረቤት ሁሉ ስታወራ ነው የዋለችው። ላከችለት። ልካም አልቀረች፣ «ስላዘገየሁህ ይቅርታ ልጄ» አለችው። እሱም እንዳንቺ ያለውን ያብዛልን ብሎ መረቃት። ገንዘቡን ልርሳው ብል እረሳው ይሆናል፤ ያቺ ምርቃት ግን እስከ ዛሬ ቆሽቴን ታሳርረዋለች።

ስመለስ ሻይ አፍልታ ጠበቀችኝ። ነገሩን የነገረችኝ አባቴ ቢሰማ እንዴት ደስ ይለው ነበር በሚል ድምፅ ነው። ስልኩን ተቀበልኳት። መልእክቱ የመጣው ከአንድ ተራ ስልክ ቁጥር እንጂ ከባንክ አይደለም። ሒሳባችንን ከፍቼ አየሁ። የወጣ አለ፤ ለሌላ ደንበኛ ጨርቅ ልገዛበት ያስቀመጥኩት ገንዘብ ነው የወጣው። የገባ ግን የለም።

«እማ፣ ምንም አልገባም» አልኳት።

«ገብቷል እንጂ፤ በዓይኔ አነበብኩት እኮ።»

«የገባው ጽሑፉ ነው። ገንዘቡ አልገባም።»

መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሻዩ እፊታችን ቀዘቀዘ። ፊቷን እያየሁ ያንን ሰውዬ እጄ ላይ ቢጥሉልኝ ምን እንደማደርገው አሰብኩ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ብዙ ነገር አሰብኩ።

በማግስቱ ባንክ ሄድን። መስኮቱ ጀርባ ያለው ሠራተኛ መልእክት አይታመንም፣ ሒሳብ ነው የሚታየው አለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እሱስ ይሁን፤ ግን ወደ ጓደኛው ዞሮ አሁንም እንዲህ ያለውን የሚያምን ሰው አለ እንዴ ሲል እማዬ ሰማችው። ያኔ ቱግ አልኩ። ያልኩትን እዚህ አልደግመውም፤ ብቻ ጥበቃው መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። ፖሊስ ጣቢያም ቃላችንን ተቀበሉ፣ ቁጥሩን መዘገቡ፣ እንደ እኛ ያለ ሰው በየቀኑ እንደሚመጣ ነገሩን። ገንዘቡ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ለጨርቁ የሚሆን ገንዘብ ታላቅ ወንድሜ አበደረኝና ሥራው ቀጠለ። ያልዳነው ሌላ ነው። እማዬ ስልኩን መንካት ተወች። ሲጠራ ካውያዋን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ እስክጨርስ እዚያው ቆማ ትጠብቃለች። ትተኩሳለች፣ ታጥፋለች፣ አትናገርም። ድሮ ሽንሽን እየደረደረች የጎረቤቱን ወሬ ሁሉ የምታቀምሰኝ ሴት፣ አሁን አፏን የምትከፍተው «ሌባ ያስገባሁት እኔ» ለማለት ብቻ ሆነ። ደንበኞቹም ግራ ገባቸው። «እናትሽ የሉም?» ይሉኛል። አሉ እላለሁ። ታዲያ አገናኚን ይላሉ። እሷ በጓዳው በር ሆና እጇን ታወናጭፍልኛለች፤ የለችም በዪ ነው።

እኔ በበኩሌ ሕግ አወጣሁ። በዚህ ቤት ከእንግዲህ በዛ፣ ተረፈ፣ ተሳሳትኩ የሚል ሰው ሰባት መላእክት ምስክር ይዞ ቢመጣ አምስት ሳንቲም አይመለስለትም አልኩ። እማዬ ካውያውን አቆመች።

«የአባትሽ ቤት የሰው ገንዘብ ይዞ የሚያድር ሆነ?» አለችኝ።

ሕጌ ቤቱን ይጠብቅልኛል፣ ልክ ነው። ግን ለሌባ ተብሎ የተዘጋ በር እንግዳውንም ይመልሰዋል። ነገ አንድ ምስኪን እውነት ተሳስቶ ቢልክብኝ እኔ ምኔ ነው ከዚያ ሰውዬ የሚሻለው? ማታ ማታ ሳወጣ ሳወርደው ከረምኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ልጡን ሁሉ ለቅሜ ላቃጥል ነበር።

በዚህ መሀል ወንድሜ ደወለና እማዬ እኔ ጋ መጥታ ትረፍ፣ በዚህ ዕድሜዋ ከስልክና ከሌባ ጋር ምን ያታግላታል አለ። እሱ ማለቱ አልነበረም የከነከነኝ፤ እሷ እሺ ማለቷ ነው። እማዬ እኮ የራሷን ትራስ ትታ የትም የማታድር ሴት ናት። ምነው አልኳት። ሸክም ሆንኩብሽ አለችኝ። ሸክም! ያለ እሷ እኔ ምን ነኝ? የስፌት መኪና የሚያስጮህ አንድ ቁጡ ሰው። ደንበኛ ሁሉ በሳምንቱ ተጣልቶኝ ይሄዳል። ከደንበኛውም በላይ ጠዋት ስነሳ የካውያዋን እንፋሎት ሳልሰማ መርፌ ማንሳት እችላለሁ ወይ? ልለምናት ፈለግኩ፤ የእኔ ልመና ግን ከአፌ ሲወጣ ጭቅጭቅ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ሰፋሁ። ቅምቅማቱ ተጣመመብኝ፤ ፈታሁት፤ እንደገና ተጣመመ።

ሻንጣዋን ስታዘጋጅ የአባቴን ኮት ከቁምሳጥኑ አወጣችው። መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው፣ እጅጌዎቹን አስተካከለች። ከማጠፏ በፊት እጇን የቀኝ ኪሱ ውስጥ ከተተች፣ ከዚያ የግራው፣ ከዚያ የደረቱ። ምን ጠፋብሽ አልኳት። ምንም አለችኝ፤ አባትሽ ኪስ ሳይፈትሽ ልብስ አያጥፍም ነበር፣ እጄ ለምዶ ነው። ይህን ብላ እጇ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ቀጥ ብላ ቀረች።

ከዚያ ቁጭ አለችና ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ነገረችኝ። አዲስ ሙሽራ ሆና አባቴ የሚሰፋበት ቦታ ምሳ ይዛለት ትሄድ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰው እየሮጠ መጣ። ትናንት በሰጠሁህ ሱሪ ኪስ ገንዘብ ረስቻለሁ፣ መኪና ሊያመልጠኝ ነው፣ ቶሎ በል ስጠኝ አለ። ሰው ተሰበሰበ። እማዬ ደነገጠችና ከመሳቢያህ አውጥተህ ስጠውና ይሂድልን ብላ አባቴን በክርኗ ጎሰመችው። አባቴ ግን ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ሱሪውን ከማንጠልጠያው አወረደ፣ በሰው ሁሉ ፊት ኪሶቹን ገለበጣቸው። ባዶ ናቸው። ሰውየው ሌባ ብሎ ጮኸ። አባቴ እዚህ ውስጥ ያለውን ሁሉ ውሰድ ብሎት ወደ ስፌቱ ተመለሰ። እማዬ ያን ቀን ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብላ ነበር።

«ለካ ግማሹን ነው የያዝኩት» አለች። «አያድርም የሚለውን ያዝኩና ኪሱን መጀመሪያ የሚፈትሸውን ረሳሁት። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። እኔ ሳልታዘል ነው እልል ያልኩት።»

«የእኛ ኪስ ሒሳቡ ነው፤ ማየት የነበረብን እሱን ነው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ኮቱን ግን አጥፋ ሻንጣው ውስጥ ከተተችው። ለአንድ ንግግር የታሸገ ሻንጣ አይፈታም።

እኔ ግን ያን ዕለት ሕጌን ቀየርኩት። ገባ የሚል መልእክት ቢመጣ፣ የደረሰኝ ፎቶ ቢላክ፣ ሰው በስልክ በእናቱ ቢምል፣ ሒሳባችንን ራሳችን ከፍተን እናያለን። ባላየነው ገንዘብ ጨርቅ አንቆርጥም፣ ያላየነውንም አንመልስም። እውነት ተርፎ ከተገኘ ደግሞ ይመለሳል፤ ግን ባንኩን ጠይቀን፣ በመጣበት መንገድ፣ ለላከው ለራሱ ሒሳብ። ለአለቃ፣ ለአጎት፣ ለቀቢ የለም። የሚያጣድፈን ሰው ከመጣ ያኔ ነው ወንበር ስበን ቁጭ የምንለው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እማዬ ሁሉንም እየተኮሰች ሰማችኝ። ጥሩ ነው፣ አባትሽም የሚለው ይሄንኑ ነበር አለች። ስልኩን ግን አልነካችም።

ወንድሜ ሊወስዳት ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው አንዲት የጥርስ ሐኪም ከፈለችን። አዲስ ክሊኒክ የከፈተች ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ለሦስቱ መስኮቶቿ ሰፍቼ ሰቅዬላታለሁ፣ ወዳቸዋለች፣ ከሥራ ስወጣ እከፍላለሁ ብላኛለች። ከእኔ በቀር ከቤታችን ሰው አታውቅም። አመሻሽ ላይ ስልኩ ድምፅ ሲያሰማ እማዬ ከጠረጴዛዋ ማዶ ቀና ሳትል «ኪሱን ፈትሺ» አለችኝ።

«አንቺው ፈትሺው» ብዬ ሒሳቡን ከፍቼ ስልኩን እጇ ላይ አኖርኩት።

መነጽሯን አደረገች፣ አየች፣ ቆይታ እንደገና አየች። «በዝቷል» አለች። አንገቴን አስግጌ አየሁ። እውነት ገብቷል፣ እውነትም በዝቷል። ሐኪሟ መጀመሪያ ስትልክ ያልሄደ መስሏት ነው መሰለኝ፣ ደግማ ልካዋለች። በመስኮቱ ፀሐይዋ ጣሪያው ጫፍ ላይ ደርሳለች። እማዬ ፀሐይዋን አየች፣ ስልኩን አየች፣ ደግሞ ፀሐይዋን አየች።

«ይደር» አለች። «ጠዋት ባንኩን እንጠይቃለን።»

በዕድሜዬ ከእሷ አፍ የሰው ገንዘብ ይደር ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ነው። ገንዘቡ አደረ፤ እሷ ግን ስትገላበጥ ነው ያነጋችው። ጠዋት ባንክ ሄድን፤ ጥበቃው አስታውሶኝ በዓይነ ቁራኛ ነው የጠበቀኝ። ገንዘቡ እውነተኛ ነው፣ ከሐኪሟ ሒሳብ ነው የመጣው፣ እሷ ለባንኳ ካመለከተች በዚያው መንገድ ይመለስላታል አሉን።

ቤት እንደገባን እማዬ «እኔ ልንገራት» አለች። በሥራው ስልክ መደወል ግን አሁንም አልደፈረችም፤ ቁጥሩን ከእኔ ተቀብላ በራሷ ስልክ ደወለች። የመጋረጃ ሰፊዋ እናት ነኝ አለቻት። ሁለት ጊዜ ከፍለሽናልና ልንመልስልሽ ነው አለቻት። ከዚያ ያቺ የተረጋጋች ሴት ድምፅ እስከ ስፌት መኪናዬ ድረስ መጣ።

«ቀጥሎ የሚስጥር ቁጥርሽን ንገሪኝ ልትይኝ ነው አይደል? ሌባ!» ብላ ዘጋችው።

ሌባ። እማዬን! ደሜ ፈላ፣ መቀሱ ከእጄ ወደቀ፣ ስልኩን ወዲህ በዪው፣ እኔ ነኝ የማናግራት ብዬ ተነሳሁ። ይሄ ቃል ዳግመኛ ስልክ እንዳታነሳ ያደርጋታል ብዬ ነው የፈራሁት። ዞሬ ሳያት ግን እማዬ ፈገግ ብላለች። ከዚያ ሰውዬ ወዲህ ጥርሷን አይቼው አላውቅም ነበር።

«ጎበዝ ልጅ ናት» አለች። «እኔም እንዲህ ብዬ ዘግቼበት ቢሆን ኖሮ።»

የወንድሜ መኪና በር ላይ የቆመው ይሄኔ ነው። ገብቶ ሳመን፣ ጉንጯ ላይ ያለውን ፈገግታ አይቶ ለእሱ መስሎት ደስ አለው፣ ሻንጣዋን አነሳ። እማዬ አላየችውም። የራሷን ስልክ አስቀመጠች፣ እጇን ዘረጋችና የሥራውን ስልክ፣ ሐኪሟ የምታውቀውን ቁጥር፣ ከስፌት መኪናዬ ጎን አነሳችው። ደወለች። እኔ ወንበሬ ላይ ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

«ልጄ፣ እኔው ነኝ፣ ሌባዋ» አለች። «አይዞሽ፣ አትመኚኝ። ልክ ነሽ። ምንም ቁጥር አትንገሪኝ፣ ምንም አትላኪልኝ። እኔን ተዪኝና የራስሽን ኪስ ፈትሺ፤ ሒሳብሽን ክፈቺና የላክሽውን እዪ። ከዚያ ባንክሽ ሄደሽ ጠይቂ፣ በመጣበት መንገድ ይመለስልሻል። አትቸኩዪ። እኔ የትም አልሄድም።»

ሐኪሟ ሒሳቧን እየከፈተች ነው መሰለኝ። ወንድሜ ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሞ፣ እማዬ እንሂድ እንጂ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ አለ። እሷ መዳፏን አሳየችው። በመጨረሻ የሐኪሟ ድምፅ መጣ፣ አሁን ዝቅ ብሎ፤ ምን እንዳለች አልሰማሁም። እማዬ ግን ኧረ ምንም አይደል፣ ምንም አይደል፣ ሁልጊዜም እንዲሁ ሁኚ ስትላት ሰማሁ። ደስታዬን የምደብቅበት አጥቼ አጎንብሼ መቀሴን ፈለግኩ፤ እግሬ ሥር ነበር፣ እንባዬ ግን አላሳየኝም።

ያኔ እማዬ የስልኩን አፍ በእጇ ከደነችና ወደ ወንድሜ ዞረች።

«አስቀምጠው» አለችው። «ሥራ ላይ ነኝ።»